የኦቦ ሙሜ አባት በፊልም የሞቱ ዕለት

በሕይወቴ አንድ ሰው ገድያለሁ። የገደልኩት በጠራራ ፀሐይ፣ ጭሮ መሃል፣ ጉንጫቸው በጫት ያበጠ ምስክሮች በሞሉበት በአዴ ፋጡማ ሳሎን ውስጥ ነው። መግሪብ ሳይደርስ መልሼ ስላስነሳሁት ፖሊስ አልፈለገኝም። ቢፈልገኝም ክሱን የሚጽፈው ሰው ይቸገር ነበር፤ ሟቹ እኔ ሳልወለድ በገዛ አልጋቸው ላይ በሰላም ያረፉ ሰው ናቸውና።

እኔ ገጣሚ ነኝ። ይህን የሚያውቀው ከእናቴ በቀር እምብዛም ሰው የለም፤ እናቴም ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ስልክ ቤት ነው የሚሠራው» ትላለች። እውነቷን ነው። አስፋልቱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሰዎች ስልክ ላይ ዘፈን፣ መንዙማና ፊልም እጭናለሁ። ግጥም ጫንልኝ ያለኝ እስካሁን የለም። ገበያ ሲቀዘቅዝ በር ላይ ተቀምጬ ቁልቁል አያለሁ። ጭሮ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ስለሆነች ደመናው አንዳንድ ቀን ከራሳችን በላይ ሳይሆን ከእግራችን በታች፣ ወደ ሚኤሶ ሜዳ ሲንሸራተት ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ ሰው ወይ ይነግዳል ወይ ያልማል። ለንግድ መነሻ ስላልነበረኝ ሁለተኛውን ያዝኩ።

እንግሊዝኛም የተማርኩት በራሴ ነው። አስተማሪዬ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመሃል ገጾቹም የሱቅ ስኳር መጠቅለያ ሆነው ያለቁ መዝገበ ቃላት ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ራስና እግር አለው፤ ወገብ የለውም። ይህን ጉድለቴን በግጥም እሞላዋለሁ ብዬ ማሰቤ ነው ለነፍስ ግድያ ያበቃኝ።

አሁን ወደ ኦቦ ሙሜ ልውሰዳችሁ። ኦቦ ሙሜ ዩያ በአዴ ፋጡማ ቤት ራስጌ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። አዴ ፋጡማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሳሎናቸውን ለበርጫ ከፍተዋል፤ ከዙሁር በኋላ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ዱዓ ተደርጎ መቃም ይጀመራል። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ቀጥሎ ሁሉም ወደፊት የሚሠራውን ፎቅ ያወራል። ከዚያ ምርቃናው ሲገባ ቤቱ ቀስ እያለ ጸጥ ይላል፤ ሰው ሁሉ ግድግዳውን አልፎ ሩቅ ቦታ የሚያይ ይመስላል፣ በመስኮቱ የገባው ብርሃን እንኳ አቧራውን ይዞ ለመውረድ አይቸኩልም። ኦቦ ሙሜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት በዚያች ሰዓት ነው።

ወሬያቸው አንድ ነው። እንግሊዝ ጣሊያንን እያሳደደ በዚህ በኩል ያለፈ ጊዜ፣ ጣሊያን ድልድይ አፍርሶ ሸሸ። የእንግሊዝ መኪና ሜዳ ላይ ተገትሮ ቀረ። ያኔ አባታቸው ዩያ ከአሰቦት ሜዳ ተነስተው፣ ፍየል ብቻ በሚያውቀው መንገድ ጦሩን እየመሩ ተራራው ላይ አወጡት። ወሬው እንደ ከብት ነው፤ በደህና ዘመን ይወፍራል። በጥሩ ጫት ቀን አባ ዩያ መትረየስ ይማርካሉ፤ ተለቅሞ የተረፈ ገራባ በሚቃምበት ቀን ግን መንገድ አሳይተው ብቻ ይመለሳሉ።

ኦቦ ሙሜ መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ጨርሰዋል። ልጆቹ መቻራ ከተማ ይኖራሉ፤ ሚስታቸውም አርፈዋል። የቀራቸው ያ ወሬ ነው። ራስጌ የሚቀመጡት በእሱ ነው፣ ሰው ከጫቱ ቀንበጥ ቀንበጡን መርጦ የሚያቀርብላቸው በእሱ ነው። ወሬው ከተወሰደባቸው፣ በር አጠገብ፣ ጫማ በሚወልቅበት ቦታ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይሆናሉ።

ሊወስድባቸው የሚፈልግ ደግሞ አልጠፋም። ቃሲም ከበደሳ ከተማ ጫት የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ከአይሱዙው ይፈጥናል። በእኛ አገር አማርኛ «እርስዎ» አንዳንድ ሰው አፍ ላይ አይጸናም፤ ቃሲም ሽማግሌውንም መኪናውንም «አንተ» ነው የሚለው፣ መኪናውን ግን በለዘበ ድምፅ። «አባትህ እንግሊዝን ሲመራ ያየ ሰው አምጣ» ይላቸዋል። ያየው ሁሉ ሞቷል። ቃሲም ይህን ያውቃል።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ የመጣ ደንበኛ የድሮ ፊልሞች የሞሉበት ፍላሽ አስቀመጠልኝ። አንዱን ስከፍት ካርታ መጣ። የእኛ የዓለም ጥግ ነው፤ ቀይ ቀስት ከባሕሩ ተነስቶ ወደ እኛ ይሳባል። ቀጥሎ አሸዋ፣ ወታደሮች፣ ከፊታቸውም ጥምጣም የጠመጠመ መንገድ መሪ ቆሞ በጣቱ ተራራ ያሳያቸዋል። እዚህ ላይ መብራት ሄደ።

አስተዋይ ሰው መብራቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። እኔ ሱቄን እንኳ በቅጡ ሳልዘጋ እየሮጥኩ አዴ ፋጡማ ሳሎን ገባሁና፣ በዚያች ጸጥ ባለች ሰዓት፣ በሁሉም ፊት፣ የኦቦ ሙሜ አባት የአሜሪካ ፊልም ውስጥ እንዳሉ አበሰርኩ።

 ቃሲም ከትራሱ ቀና አለ።

«ሐሙስ እናየዋለን» አለ። «አባትህ ካለ፣ እኔ ራሴ ትራስ አነጥፍልሃለሁ፤ ኦቦ ሙሜ ሙት። ከሌለ ግን ይሄን ወሬ ዳግመኛ እዚህ ቤት አታነሳትም። እሺ?»

ቤቱ ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እሺ» አሉ፤ በእጃቸው የያዙት ቀንበጥ ግን ለሁለት ተሰበረ።

እንግዲህ ፊልሙን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። መብራት ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ የመጣው በዚያው ሐሙስ፣ ዙሁር ሲሰገድ ነው። ስለዚህ ከእነሱ ጋር እኩል ላየው፣ ከእነሱ ቀድሜ ልተረጉመው ተቀመጥኩ። አዴ ፋጡማ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ቁም ሣጥን ላይ አኖሩት፣ ሆጃ ፈላ፣ የቡና ገለባው በወተት ሸተተ። ትልልቆቹ ዱዓ አደረጉ፤ ለአገር ሰላም፣ ለዝናብ፣ ለመብራቱም። ድምፁን ቀነስኩና ከስክሪኑ ጎን ቆምኩ።

የመጀመሪያው ችግር ባንዲራው ነበር።

«እንግሊዝ አላልክም እንዴ?» አለ ቃሲም። «ይሄ የአሜሪካ ነው።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ኦቦ ሙሜ መለሱ። እንግሊዝ ብልጥ ሕዝብ ስለሆነ ጣሊያንን ለማታለል የሰው ልብስ ለብሶ ነው የመጣው አሉ። ቤቱ አሰበበትና ተቀበለው።

ሁለተኛው ችግር ግመሎቹ ነበሩ። ባለሁለት ሻኛ ናቸው። ሚኤሶ ገበያ ግመል ሲያይ ላደገ ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጫት ያኝክ የነበረው ጉንጭ ሁሉ ቆመ። ሁለተኛው ሻኛ ለምን እንደሚያገለግል ዝቅ ባለ ድምፅ ክርክር ተነሳ። ኦቦ ሙሜ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «የመንግሥት ግመል ነው» አሉ፤ ክርክሩ በዚያው ተዘጋ። የመንግሥት ከሆነ ምን ይደረጋል።

ያን ፊልም የሠሩት ሰዎች አገራችንን በሕልማቸው እንኳ አላዩም። ተራራው ላይ ክንድ ያላቸው፣ ሰው የሚያክሉ ቁልቋሎች እጅ ወደ ላይ ብለው ቆመዋል። አንዲት ነርስ በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ ታልፋለች፤ የከንፈር ቀለሟ አይደበዝዝም። ሌሊት ነው ይላሉ፣ የግመሎቹ ጥላ ግን መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንገድ መሪው ደግሞ ፊቱን ቡናማ የቀቡት ፈረንጅ ነው፤ ቀለሙ አንገቱ ላይ ሲደርስ አልቆባቸዋል።

«አባትህ አንገቱ ነጭ ነበር?» አለ ቃሲም።

«ጥምጣም ፀሐይ ይከለክላል» አሉ ኦቦ ሙሜ። ከዚያ፣ ለራሳቸው ይመስል፣ አፍንጫው ግን የአባታቸው መሆኑን ተናገሩ።

እያደር እኔንም ሕልሙ ወሰደኝ። ምርቃና በአየር ይተላለፋል የሚሉ አሉ። በስክሪኑ ላይ አሸዋው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ በመስኮቱ በኩል ደመናው ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የትኛው የፊልሙ፣ የትኛው የጭሮ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የጦሩ አዛዥ፣ አንድ ሻለቃ፣ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ይላል፤ እኔ አራት መስመር እተረጉማለሁ። ሻለቃው ውሃ ሲጠይቅ በእኔ ትርጉም ስለ ጥማት ቅኔ ይዘርፋል። ነርሷ ስታስነጥስ እንኳ የአገሯን ናፍቆት ተናገርኩላት። አንድ ሰው አፉ ሳይንቀሳቀስ እንዴት ይህን ሁሉ አለ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው እንግሊዝኛ በአፍንጫ የሚነገር ቋንቋ ነው ብሎ አስረዳው። በፊልሙ ውስጥ የመንገድ መሪው ስም ሌላ ነው፤ በእኔ አፍ ግን ዩያ ነው። ዩያ ጦሩን ይመራል፣ ዩያ በድንጋይ ላይ ቆሞ ነፋስ ያሸታል። ኦቦ ሙሜ ጀርባቸው ቀና አለ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀና ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ነገር ተበላሸ።

ያቺ ጥላ ያላት ሌሊት ላይ መንገድ መሪው ግራ ቀኝ አየና የውሃውን አቁማዳዎች ሁሉ በአንድ በቅሎ ጭኖ ሹልክ አለ። ሻለቃው ነቅቶ ጮኸ። ከዚያ ቀደም ያለው አብዛኛው አልገባኝም ነበር፤ ይህችን ግን በደንብ አወቅኋት፤ በመዝገበ ቃላቴ መጨረሻ፣ ስኳር ያልተጠቀለለበት ገጽ ላይ ነበረች። «ሌባ» ነው ያለው።

ራሶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ኦቦ ሙሜ ግን አልዞሩም፤ ስክሪኑን ብቻ ያያሉ።

«‹ዩያ ሆይ› አለው» አልኩ። «‹ውሃውን ይዘህ ጠላት ወዳለበት ሂድ፤ ዱካህን ተከትሎ መንገድ ይሳት።›»

«ታዲያ ለምን ይተኩስበታል?» አለ ቃሲም። በእርግጥም እየተኮሱበት ነበር።

«ለማስመሰል።»

መልሴን ሳልጨርስ ጥይቱ አገኘው። መንገድ መሪው ከገደሉ አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ተጣለ ጋቢ እየተገላበጠ ወደ ታች ወረደ። ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። ያኔ ብልህ ተርጓሚ ቢሆን «ቆሰለ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ገጣሚ ነኝ፤ ገጣሚ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞት አግኝቶ በዝምታ አያሳልፍም። ሰውየው በአየር ላይ ሳለ ኑዛዜ አስነገርኩት፦

*አትቅበሩኝ እዚህ፣ አልሻም መቃብር፤*
*መንገድ ነኝ ለሰዉ፣ ረግጦኝ ይሻገር።*

እውነት ለመናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የተደመጠ ግጥም የለኝም። አዴ ፋጡማ በር ላይ ቆመው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ «አላህ ይርሐመው» አለና መዳፉን ዘረጋ፤ ሁሉም ዘረጋ፤ ፋቲሐ ተቀራ። በኋላ ሳስበው ነገሩን ያከበደው ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሰው በጥይት ቢመታ ይድን ይሆናል፤ ፋቲሐ ከተቀራለት ግን ሞቷል። ፋቲሐ የቀራ ቤት ደግሞ ተሳስቼ ነው አይልም።

ቃሲምም መዳፉን ፊቱ ላይ አበሰ። ተሸንፎ ነበር። ትራስ ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ከዚያ እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

«ቆይ» አለ። «ኦቦ ሙሜ፣ አንተ ጣሊያን ከወጣ ከዓመት በኋላ ነው የተወለድኩት ትል የለ? ጣሊያንን በዓይኔ አላየሁም ትላለህ።»

«አላየሁም» አሉ።

«እና አባትህ ጣሊያን ሳይወጣ እዚህ ገደል ከሞተ…»

አልጨረሰውም። ለቀልድ ነበር የጀመረው፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ወዴት እንደሚወስደው ራሱም አየና አፉን ያዘ። ቢዘገይም ያዘ። በሳሎኑ ውስጥ በጣቱ ወር የማይቆጥር ሰው አልነበረም። ኦቦ ሙሜ ዩያ በወሬያቸው ራስጌ ሲቀመጡ የኖሩ ሰው፣ አሁን ወሬው ብቻ ሳይሆን «ዩያ» የሚለው ስማቸው ከጉያቸው ሊወጣ ነው። ከሽልማት ሁሉ የሚበልጠውን ሞት ሰጥቻቸው አባታቸውን ነጠቅኋቸው። ከፊታቸው የቀረበላቸውን ቀንበጥ በእጃቸው ቀስ አድርገው ወደ ሌሎቹ ገፉት።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ጦሩ ምሽጉን ሰብሮ እየገባ ነው፤ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ነርሷ ሻለቃውን ታቅፈዋለች። በሕይወቴ አምላክን አጥብቄ የለመንኩት ለአንድ ጥምጣም ነው። መጣልኝ። በስክሪኑ ጥግ አንድ ቀጭን ሰው፣ ጥምጣሙን እንደነገሩ ጠምጥሞ፣ ፈረስ እየሳበ አለፈ።

«ዩያ እነሆ» አልኩ። 

ግማሹ አላየውም፤ ያየውም አላመነም። ይሄኛው ቀጭን ነው አሉ። በረሃ ያከሳል አልኩ። ፋቲሐውስ አሉ።  መልሰህ አሳየን አሉ። ሪሞቱን አንስቼ ወደ ኋላ ተጫንኩ፤ የማቆሚያው ቁልፍ ጠፋኝ፤ ፊልሙም ባለፈረሱን አልፎ፣ ባንዲራውን አውርዶ፣ ምሽጉን ዘግቶ ወደ ኋላ ሮጠ።

እና ገደሉ ጋ ደረሰ።

ምስሉ እየዘለለም ቢሆን ሁላችንም አየነው። ሰውየው ከገደሉ ሥር ተነሳ። እንደ ጢስ፣ እየተገላበጠ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። እግሩ አፋፉን ነካ። ጥይቱ ከጀርባው ወጥቶ ወደ ጠመንጃው ተመለሰ። በቅሎውን እየሳበ፣ የኋሊት እየተራመደ፣ የተኛውን ጦር ሳይቀሰቅስ መጣና አቁማዳዎቹን አንድ በአንድ አውርዶ በየቦታቸው አኖራቸው። ሻለቃው አፉን ከፍቶ ቃሉን መልሶ ዋጠ።

«ሱብሐነላህ» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

 ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ያየው ሰው ከሞት ሲመለስ ነው፤ ብርሃኑ አቧራውን ይዞ ቆሟል፤ ሆጃው ቀዝቅዟል። ሪሞት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንድም ሰው በዚያ ቤት የለም። ግን ማንም ሪሞት አላለም። ሁሉም የቃሲምን ፊት ያያል፤ ቃሲም ደግሞ የኦቦ ሙሜን እጅ ያያል።

 ቃሲም ትራሱን አነሳና ሄዶ ከሽማግሌው ጀርባ አደረገው።

«ቁስሉ ከባድ ነበር?» አላቸው።

«ከባድ ነበር» አሉ ኦቦ ሙሜ።

«እንዲህ ያለ ቁስል ይድናል» አለ ቃሲም ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ የሚከራከረው ካለ ይምጣ በሚል ድምፅ። «አየነው እኮ። ወጣ።» አዴ ፋጡማ ሆጃውን ሊያሞቁ ተነሱ፤ ፋቲሐውም ለሌሎች ሙታን እንዲሆን ተስማምተን በዚያው አለፈ።

ከመግሪብ በፊት ኦቦ ሙሜን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ዳገቱ ላይ ባጃጆች እየተንደቀደቁ ያልፉናል፤ ከታች ሜዳው ወደ ሰማያዊነት እየተለወጠ ነው። እኔ በውስጤ እየተኩራራሁ ነበር፤ ሰው ማዳን ቀላል ነገር አይደለም። ኦቦ ሙሜ በዱላቸው ጫፍ ድንጋይ እየነካኩ ሄደው ቆሙ።

«ያ አሜሪካን ምን አለ? በቅሎው ሲሄድ። እውነቱን ንገረኝ።»

መዋሸት አላቃተኝም፤ ቀኑን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። ግን ደከመኝ።

«‹ሌባ› ነው ያለው፣ ኦቦ ሙሜ።»

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ጥርሱ በሳሳ አፋቸው፣ እንደ ልጅ ሳቁ። «ዱጋ ነው» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው።

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው እንግሊዞቹን በእርግጥ መርተዋል፤ እስከ ተራራው ሥር። እዚያ ሲደርሱ ከላይ መድፍ ሰሙ። ዩያ ያን ጊዜ ገና የሙሽራ ሽቶ ከልብሱ ያልለቀቀ ጎረምሳ ነበር። ውሃ የጫነችውን በቅሎ ይዞ፣ ጨረቃ ሳትወጣ፣ ወደ ቤቱ፣ በኋላ የኦቦ ሙሜ እናት ወደሆነችው ሙሽራ ሮጠ። እንግሊዞቹ መንገዱን ራሳቸው አገኙት፤ ያን ያህል የተደበቀ መንገድም አልነበረም። አባትየው ይህን ለልጃቸው የነገሩት ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ ልጅየውም ለማንም አልተናገሩም።

ታዲያ ያ ሁሉ ዘመን ለምን ጀግና አደረጓቸው ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት። ራስጌው መልሱ ነው። እኔም ብሆን በዚያን ዕለት የአሜሪካ ሰዎች ስለ አገሬ ያወሩትን ውሸት ሁሉ አሳምሬ፣ ሳያውቁ የተናገሯትን አንዷን እውነት በግጥም የቀበርኩ ሰው ነኝ፤ ማንን ልጠይቅ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ገደልኳቸው።»

«እሱን ተወው» አሉ። ወደ ታች፣ ሜዳው ወደጠቆረበት ያያሉ። «ከበቅሎዋ ጋር ሲሮጥ አየኸው? እኔ አባቴን የማውቀው በምርኩዝ ነው። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።»

«ፈጣን ነበሩ» አልኩ።

«ይፈጥናል እንጂ» አሉ ኦቦ ሙሜ፤ ዱላቸውን አንስተው ዳገቱን ጀመሩ። «ወደ እኔ እኮ ነው የሚሮጠው።»